ዝም አይነቅዝም

ካዋይ ደሴት ላይ፣ ከሊሁዌ ዳር፣
ጎልፍ ሜዳ አለ፣ እንደ ምንጣፍ ሣር።
ሲስቶ አግባያኒ ነው የሚከረክመው፣
ከኢሎኮስ መጥቶ ወዙ ያለመለመው፤
ማታ ቧንቧ ከፍቶ ሣሩን ሲያጠጣ፣
ጨለማው በሙሉ ነበረ ፌንጣ።
ክንፍ ከክንፍ ሲፋተግ፣ ሞረድ በመጋዝ፣
አንዱ «ነዪ» ሲል፣ አንዱ ሲያንገዘግዝ።
ሉርደስ፣ ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣
መስኮት ትጠረቅም ነበር ፀሐይ ጠልቃ ገና፦
«ሚስት የሚሻው ሁሉ የኔን ደጅ ይጥና?»

ከዚያ አንድ ሌሊት፣
የትኛው እንደሆነ ራሱም አያውቅም፣
ሜዳው ዝም አለ።

መርዝ ረጩበት ብሎ ጌቶቹን ሲያማ፣
ባትሪ አብርቶ ቢያይ ሣር ሥር በጨለማ፣
ፌንጣው እንዳለ ነው፤ ይዘላል፣ ይበላል፤
ከንፈር እንደነከሰ ሰው ግን ዝም ብሏል።

ኖሄያ መጣች፣ የጎረቤት ልጅ፣
ግንባሯ ላይ መብራት፣ ብርጭቆ በእጅ፤
ሆኖሉሉ ተምራ፣ ጭቃ ላይ ተንበርክካ፣
አንዱን ያዘችና፣ «አጎቴ» አለች፣ «እንካ!»
በአጉሊ መነጽር ክንፉን ቢያይ ገልጦ፣
ካውያ የረገጠው ይመስላል፣ ሞረዱ ተመልጦ።

«ዝንብ ናት» አለችው፤ «ጆሮዋ የተሳለ፤
ትደርስበታለች ዘፋኙ የት እንዳለ፤
ትሏን ትጥላለች፤ ትሉ ሰርስሮ ገብቶ፣
ሳምንት ሳይሞላው ባዶ ቀፎ ነው፣ ሆድ ዕቃው ተበልቶ።»

«ታዲያማ ገባኝ!» አለ ሲስቶ፤ «ፈርተው፣
ተማክረው ተዉት፤ ልባሞች ናቸው።»

ሳቀች።
«ማን ፈራ? ማን መከረ? ልሙጥ ክንፍ የወለደች
እናት ድሮም ነበረች፤
ቃል ሲገለበጥ ፊደል እንደሚዘለል፣
ሳይታሰብ ይወለዳል፤ ሚስት ሳያገኝ ይሞታል።
ዝንቧ ስትመጣ ነገር ተገለበጠ፤ ዘፋኙ ሳይወልድ አለቀ፤
ዲዳው ወለደ፤ ሜዳው በዲዳ ልጆች ተጥለቀለቀ።
አንድም ፌንጣ፣ አጎቴ፣ በዕድሜው አልተለወጠም።
የተለወጠው የቀሪዎቹ ስም ዝርዝር ነው።»

ሲስቶ ወገቡን ደግፎ ቀና አለ።
«ልጅ ሆነን፣ ባካራ፣ መምህር ፕላሲዶ
ቀጭኔ ቅጠል ልትደርስ ስትንጠራራ
አንገቷ ረዘመ ብሎ አስተማረን።
እኔ ሣር ሳጭድ ጎበጥኩ፤
አራቱም ልጆቼ ግን ቀጥ ብለው ተወለዱ!
ምነው ያኔ በነገርኩት።
ግድግዳው ላይም ሥዕል ነበር፤ ጎባጣ ጦጣ፣ ቀና ያለ ጦጣ፣ ከዚያ ሰው፤
ሰልፍ ይዘው። ወዴት ነው የሚሄዱት? ብዬ ጠይቄ ተገርፌበታለሁ።»

«ሰልፍ የለም» አለች። «ቡገንቪሊያ ነው።»

ይኼ ገባው። ቡገንቪሊያ ሲቆርጥ ኖሯል፤
ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ወጥቶ አጥሩን ሞልቶታል፤
ጫፉ ሁሉ ጫፍ ነው፤ አንዱ ላንዱ አለቃ፣
አንዱ ላንዱ መሰላል አልሆነም። በቃ።

«እሺ፣ ብርቱው እንግዲህ ዲዳው ነው?»
«ለዚህ ሣር። ለዚህች ዝንብ። ለዚህ ዘመን።
ዝንቧ ነገ ብትጠፋ፣ ከነገ ወዲያ ያው ጉድለት ነው።»

ሊነጋጋ ሲል፣ ከስምንተኛው ጉድጓድ ወዲያ፣
አንድ ድምፅ ተነሣ፤ የድሮው፣ ያ!
መብራቷን አዞረች። አንድ ዘፋኝ። ዙሪያውን ሰባት ዲዳ፤
በሱ ዜማ የምትመጣውን ሊጠልፉ
ደጅ ይጠናሉ።
እሱ ጀግና አይደለም። እነሱም ተንኮል አያውቁም።
ሁሉም በተወለደበት ክንፍ ነው ያደረው።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እውነት፣ አልነቀዙም።
ያ አንዱ ባይኖር ግን፣ ከነጤናቸው፣
ማን ይጣራላቸዋል?

ሲስቶ ቤቱ ገባ።
እጁ በሉርደስ ልማድ መስኮቱን ያዘ፤
ጥቂት ቆመ፤
ክፍቱን ተወው።