ኅዳግ ላይ የተጻፈ

ደቻቱን ተሻገርኩ፣ አሸዋው ሲፋጅ፣
ቅፄን ይዤ ቆምኩኝ ከሩሚያ ሱቅ ደጅ።
ሽርጥ ትሰፋለች በእጅ በሚዞር መኪና፤
«ተቀመጥ» አለችኝ፣ ዱካ ሳበችና።
ባለ ሦስት ጎማዋ፣ ከኒሙ ጥላ ሥር፣
ወረፋ የያዘ ባጃጅ ይመስል ነበር።

«ማነው የሚረዳሽ? እናት? ባል? እህት? ሌላ?»
ሣቀች፤ «አራት ነፍስ ነው ከዚህ መርፌ የሚበላ።
ለሱስ ሣጥን አለህ?»
ገለጥኩ፣ አገላበጥኩ።
የለም።

«ጉዳትሽ ምንድነው?»
«የኔ እግሬ ነው፣ አቦ፤ ጻፈው፣ አትፈር።
ዘጠኝ ደረጃ ሠርቶ ተዳፋት የረሳው
የቀበሌው መሐንዲስ ግን፣
ጉዳቱ የቱ ጋ እንደሆነ መርምር።»
ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት፣ ቦታ ስላልነበረው።

ግንቦት ላይ ውጤቱ ቀረበ፤ ከዚራ፣ ሆቴል፣ ሁለተኛ ፎቅ፤
ባነሩ «አካታችነት» ይላል፣ ፊደሉ የሚያብረቀርቅ።
ሊፍቱ ከተበላሸ ዓመቱ ነው አሉ።
ቃሏን አነበብኩኝ፤ ጭብጨባው አዳራሹን ሞላ።
በመስኮት ዝቅ ብዬ ሳይ፣ ሩሚያ ከዛፍ ጥላ፣
የጥሪ ካርዷን አጥፋ፣
ፊቷን ታራግባለች።

ስወርድ ቆጠርኩት፤ ሃያ ሦስት።
ይሄ ሪፖርቱ ውስጥ የለም።