ቦንጋ ያልደረሰው

ከዴዶ ጅማ የመጣች፣ በዝናብ፣ በሌሊት፣
ሻሿ ገና እርጥብ ነው፣ ጫማዋ ጭቃ ያለበት።
ዙልፋ አባ ፊጣ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፤
ስትናገር፣ ትኩስ ድንች አፏ ውስጥ የቀረባት።

ወረቀቷ ላይ አለ፦ «ምላስ ሥር እባጭ ነው፤
ሰኞ ይቆረጣል።» ፊርማው ዶሮ የጫረው።
እናቷ በር ላይ ቆማ፣ እጇ አንገቷ ላይ፣
«እንቅርት ቢሆን ጥሩ፣ በአደባባይ የሚታይ፤
ይሄ ግን ተደብቆ ጉሮሮ የገባ፣
የማን ዓይን ነው?» አለች። ፈራሁ እንዳታነባ።

የእኔ ሥራ ማየት ነው፤ መፍረድ አይደለም።
ጄሉ ሲቀዘቅዛት ሰቀጠጣት እንጂ አልተናገረችም።

ከማንቁርቷ ግርጌ፣ ዕጢው በሚተኛበት፣
ግራ ቀኙን አሰስኩ፤ ጡንቻና ጨለማ አገኘሁበት።
ባዶ አልጋ። አንሶላው እንኳ ያልተነካ።
ወደ ላይ ስወጣ፣ አገጯ ሥር ስለካ፣
እዚያ ነበረች፤ ክብ፣ ትንሽ ዘይቱን የምታህል፣
ደም ሥር የከበባት፣ ብቻዋን የምትውል።

እናት ሆድ ውስጥ ሳለን፣ ገና ሁለት ወር ሳይሞላን፣
ምላስ ሥር ተፀንሳ ትወርዳለች ወደ አንገታችን።
የዙልፋ ግን አልወረደችም። ለምን? አይታወቅም።
ተነሺ ያላት የለም፤ ወይ ደግሞ ሰምታ ዝም።

አባቴን አሰብኩት። ቦንጋ ነው የመደቡት፤
አውቶቡሱ አዌቱ ድልድይ ላይ ሲሰበርበት፣
«ለሦስት ቀን» ብሎ ቆጪ ቤት ተከራየ፤
ሞተሩ ተጠግኖ ሄደ፤ እሱ ግን ቆየ።
ሠላሳ አራት ዓመት፣ ሂርማታ ሚዛን ጠግኖ፣
አሳደገን፤ ከቦታው ሳይደርስ፣ ቦታችን ሆኖ።

ስልኩን አነሳሁ። «ዶክተር፣ ሰኞን ያቆዩት።
እባጭ ያልነው ዕጢዋ ነው፤ አንገቷ ባዶ ነው፣ አየሁት።
ሌላ የላትም።»
ዝም። ጣራው ላይ ዝናብ።
«ኪኒን ሰጥተን እንያት። ቢላውን እንሰብስብ።»

እናትየዋ ስትሰማ፦ «ታዲያ እዚያው ልትቀመጥ?»
«እዚያው። በየጠዋቱ ኪኒን፣ ምግብ ሳትቀምስ የምትውጥ።»
«እኛ ማሳ ላይ» አለች፣ «ያለቦታው የበቀለ ይነቀላል።»
«የበቀለው እሱ ብቻ ከሆነስ?»
አሰበች። «እሱማ ይኮተኮታል።»

ዙልፋ ጄሉን ጠረገች፣ ወደ ስክሪኑ ዞረች፤
ድንቿን እንደጎረሰች፣ «ይቺ ናት?» ብላ ጠየቀች።
«ይቺ ናት።»
ጣቷን ዘረጋች፣ ሳትነካው መለሰችው።

ቅጹ ላይ «ቦታ» ይላል፤ «ምላስ ሥር» ብዬ ሞላሁ፤
«አስተያየት» ከሚለው ጎን፣ «ሌላ የላትም» ብዬ ጻፍሁ።