ጨዉስ?

ዓለም ገና፣ ከጠጠር መፍጫው ማዶ፣ በመንገድ ሥራው ካምፕ ውስጥ፣
አምስት ዓመት ቀቀልኩ፤ አምስት ዓመት አየሁ ሰው ሲያኝክ፣ ሰው ሲውጥ።
ሰው ሲያወራ ይዋሻል፤ ሲምል ሲገዘትም ይዋሻል፤
ሲበላ ግን ያገሩ ልጅ ነው፤ ጉንጩ ያሳብቅበታል።

ሬናቶ ጣሊያኑ፣ የድልድዩ መሐንዲስ፣
ከእግሩ አስቀድሞ አፍንጫው ነው ማድ ቤት የሚደርስ።
ክዳን ከፍቶ ያሸታል፣ ማንኪያ ነክሮ ይቀምሳል፤
"ሽታዬ፣ ጨው!" ይላል፤ ስጨምር "ገደልሽው!" ብሎ ራሱን ይይዛል።
ፓስታው አንድ ደቂቃ ካለፈው፣ ለሱ ሬሳ ነው የቀረበው፤
ድስቱ ራስጌ ቆሞ፣ እንደ ለቀስተኛ ነው የሚያየው።
ሲበላ ደግሞ ይቀመጣል፤ ሰዓት አውልቆ፣ ስልክ አጥፍቶ፣
የእናቱን መንደር ቲማቲም ያወጋኛል አፉን ሞልቶ።
ሹፌሩ ውጭ ጡሩንባ ይነፋል፤ ሲሚንቶው ይደርቃል፤
"ይድረቅ" ይላል፤ "ሲሚንቶ ነገም አለ፤ የዚህ ትኩሳት ግን ያልቃል።"

ወይኑ ከጀሪካን ነው፤ ስም የለው፣ ዓመተ ምሕረት የለው፤
በውሃ ብርጭቆ ቀድቶ፣ ውሃ ጠብ አድርጎ ነው የሚጠጣው።
አንድ ቀን፣ "ምሳ ያለ ወይን ምን ይባላል?" ቢለኝ፣
"ቁርስ" አልኩት። እስኪያንቀው ሳቀ፤ ከዚያ ወዲያ "ቁርስ" ነው የሚለኝ።
ሲሰክር ግን፣ እውነት ለመናገር፣ አላየሁትም አንድም ቀን።

ሚስተር ክላይቭ እንግሊዙ፣ የሒሳቡ ተቆጣጣሪ፣
ምሳውን ቆሞ ነው የሚጨርስ፣ እንደ አውቶብስ ተሳፋሪ።
ሁለት ቁራጭ ዳቦ፣ መሃሉ አይብ፣ በሌላው እጁ ወረቀት፤
ፍርፋሪው ከዜሮዎቹ ተደባልቆ ይገባል ወደ መዝገብ ቤት።
የሰጠሁትን ሁሉ፣ "በጣም ጥሩ ነው፣ ሚስስ ሽታዬ"፤
ያረረውም ጥሩ፣ ጥሬውም ጥሩ፣ ጨው የረሳሁትም፤ ዋ ዕዳዬ!
ሳያጠፋ ይቅርታ ይላል፤ ሳህኑን ራሱ ያጥባል፤
አምስት ዓመት ሙሉ "ጥሩ"!
ምን እንደሚወድ አላውቅ። ይኼ ሰው ያንገበግባል።

የሱ ወይን ካልጋው ስር ነው፣ በካልሲ ተጠቅልሎ፤
ለገና ብቻ ይወጣል፣ እንደ ጨቅላ ታዝሎ።
ጽሑፉን ያነባል፣ በአምፖል ያየዋል፣ ያዞረዋል፣ ያሸተዋል፤
"በዚያ ዓመት ዝናቡ ሸጋ ነበር" ይላል።
እኔ የማስታውሰው የዚያን ዓመት ድርቅ ነው፤
ወይን ግን የሚያውቀው ያገሩን ደመና ብቻ ነው።
ዓርብ ማታ ግን ሌላ ሰው! ቢራ፣ በባዶ ሆድ፣ ቆሞ፤
ለሹፌሩ ይጋብዛል፣ ለግሬደሩ ነጂ፣ ለዘበኛው ለቱጁባ ደግሞ።
በሦስተኛው ዙር ስለ ልጁ ያወራል፤ በአራተኛው ያለቅሳል፤
ሬናቶ በመስኮት አይቶ፣ "ያለ እህል! አረመኔ!" ብሎ ያማትባል።

ከዚያ አንድ ሐምሌ ማታ፣ ጎርፉ የሰበታን መንገድ ቆረጠ።
ጄኔሬተሩ ጠፋ፤ ጀሪካኑ ነጠፈ፤ የዳቦው መኪና ቀለጠ።
የቀረው የኔ ጓዳ ነው፤ ለራሴ የሠራሁት ሽሮ።
ክላይቭ ካልሲውን ፈታ፤ ሬናቶ ቡሹን አወጣ በምስማር ሰርስሮ።
በሻማ፣ ባንድ ትሪ፣ ሦስታችን። እኔም ተቀመጥኩ፤
አምስት ዓመት አብልቼ፣ ያን ለት ነው አብሬ የቀመስኩ።

ሬናቶ ጎረሰ። ዝም አለ። "ጥሩ ነው" አለ፤ ዓይኑን ሰበረ።
ክላይቭ አላመጠ፣ ዋጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አፈረ፤
"ይቅርታ… ጨው… ትንሽ አንሶታል መሰለኝ" አለ በሹክሹክታ።
ካምስት ዓመት ምጥ በኋላ! "እንኳን ማርያም ማረችህ" አልኩት፣ በእልልታ።

መንገዱ አለቀ፤ ሁለቱም ሄዱ። ዓለም ገና ግን ገና ነው፤
አራት ጠረጴዛ ዘርግቼ፣ ከአስፋልቱ ዳር ነኝ ያው።
ጀሪካኑ ላምባ ይዟል፤ ጠርሙሱ ዘይት፣
ዓመተ ምሕረቱ አሁንም ተለጥፎበት።
ሹፌሮች ይበላሉ፤ አፋቸውን ጠርገው፣ ሒሳብ ከፍለው፣
"ይጣፍጣል፣ እትዬ" ብለው ይነሳሉ።
ከበር እመልሳቸዋለሁ።
"ጨዉስ?" እላለሁ። "እውነቱን።"