ከምስሉ ግርጌ

መጋቢት አጋማሽ፣ ሮቸስተር ከተማ፣
ሦስት ሆነን ገባን ከትንሿ ሲኒማ።
ማክሰኞ ምሽት ነው፤ ከምስሉ ግርጌ ላይ
ቃል ሁሉ ይጻፋል፣
ጆሮው የማይሰማ እንደ ማንም ከፍሎ
እንደ ማንም ያያል።

ታረቀኝ በግራ፣ እኔ በቀኝ ሆነን
ልጃችን መሐል ናት፤
ፈንዲሻው እሷ ጋ፣ ስትፈቅድ ነው እንጂ
ዝም ብለን አንነካባት።
ስሟን ዜማ ያልነው ገና በሆዴ ሳለች ነው፣
ዘመድ በሰማ ቁጥር ከንፈር የሚመጥለት ነው።
እሷ ግን ሌላ ስም ከትምህርት ቤት አላት፦
ሁለት ጣት ጉንጭ ላይ፣ ከስርጉዱ አጠገብ፣
መታ መታ፣ በቃ፤
ስትስቅ ያየ ልጅ ነው አይቶ ያወጣላት።

ፊልሙ ተጀመረ።
የመስታወት ከተማ፣ ዘመኑ ያልታወቀ፣
ሰማዩ እንደ ሳህን ታጥቦ የደረቀ፤
ባልና ሚስት መጥተው ከሐኪም ፊት ቀርበው
የሚወልዱትን ልጅ እንደ ምግብ ዝርዝር
በጣት እየነኩ ያዛሉ፣
ይሰርዛሉ።
አጭር ቁመት፣ ይውጣ።
የአባት የልብ ሕመም፣ ይውጣ።
ከዚያ አንድ ቃል መጣ፤
በእንግሊዝኛ ነበር ከግርጌ የተጻፈው፣
ወዳማርኛ ያዞርኩት እኔው ነኝ በልቤ፣
ልማድ አለብኝና፤
አዙሬ ስጨርስ፦ ድንቁርና።

ጆሮው ያልሰማውን፣ ልቡም ያልገባውን፣
ሁለቱን ባንድ ቃል ጠርተን የምንሸኘውን!
ለካ ከሐኪሙ፣ ከዚያ ከመስታወቱ፣
የኛ ቋንቋ ቀድሞ ሰርዞት ኖሯል በጥንቱ።
እናቴም ታረቀኝን፣ ሦስት ቋንቋ የሚያነበውን፣
በዚሁ ቃል ነበር ለጎረቤት የነገረችው፤
ክፋት አልነበራትም።
ሌላ ቃል አልሰጧትም።

በፊልሙ አጋማሽ ልጁ ተስተካከለ፣
ጓሮ ቆሞ ሳለ
ዝናብ ሰማ።
ግርጌው «ለስላሳ ሙዚቃ» አለ።
ሰው በየወንበሩ አፍንጫውን ጠረገ፣
እኔም፣ አልዋሽም፣ ዓይኔ እንባ ፈለገ።
ዜማ ክንዴን ነካች፤ በስክሪኑ ብርሃን
እጇ ተናገረ፦
«ለምንድን ነው የሚያለቅሱት?»
«ልጁ ሰምቶ» አልኳት።
«ምን?»
«ዝናብ።»
ጥቂት አሰበች።
«በፊትስ ሲዘንብ አይበሰብስም ነበር?»
መልስ ሳበጅላት ፈንዲሻ ትበላ ጀመር።

ወደ መጨረሻው፣ ያልተስተካከሉት ዋሻ ተሸሽገው
በሻማ ብርሃን በእጅ ሲመካከሩ
ልጄ ጮክ ብላ ሳቀች፤
አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያት።
«እጃቸው» አለችኝ፣ «ይንተባተባል እኮ!
ያኛው ሽማግሌ ነፃነት ሊል ፈልጎ
ሽንኩርት ነው ያለው!»
ታረቀኝ ከሷ ብሶ በሳቅ ትከሻው ረገፈ።

መኪናችን ሕግ አለው፤
የሚነዳ ሰው እጁ መሪው ላይ ነው፣
ወሬ የሚወራ ቀይ መብራት ሲይዘን ነው።
ቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ፣ ከዓርብ ጀምሮ የታጠፈ፣
አንድ ወረቀት አለ፣ ከሆስፒታል የተጻፈ፤
አሥራ አንድ ሳምንቴን የሚያውቅ፣
«አሁን ከተመረመረ፣
ኋላ ማረም ይቻል ይሆናል» የሚል፤
ከታች አንዲት ሣጥን፣ እሺ የሚባልባት፣
ጥፍር የምታህል።
ፅንሱን ታረቀኝ ያውቃል።
ወረቀቱን አያውቅም።

ከሲኒማው እስከ ቤት አምስት መብራት ነው።
በመጀመሪያው ቀይ በሽንኩርቱ ሳቅን።
በሁለተኛው ዜማን እንቅልፍ ወሰዳት።
በሦስተኛው እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ።
በአራተኛው ዞሮ አየኝ፤
«ምነው?» አለኝ በቅንድቡ።
እጄ ወረቀት ይዟል፤ ወረቀት የያዘ እጅ
ምን ብሎ ይናገራል?
ልመልሰው፣ ላሳየው፣ ሳመነታ፣

አምስተኛው መብራት
ከሩቅ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀን።