የእርሳስ መስቀል

ራት ተነሣ። የዓሣውን እሾህ ለድመቷ ጣልሁ፤
ያባቴን ካርታ ከመሳቢያው አውጥቼ ዘረጋሁ።
አልተኛ አለ፤ አርባ ዓመት መጠቅለል ለምዶ፣
አንዱን ጫፍ ስይዘው በሌላው ይሸሻል ሄዶ።
የጨው ዕቃውን፣ ቢላውን፣ ሬዲዮውን፣ የእናቴን መነጽር
ባራት ማዕዘኑ ጫንሁበት፤ ተሸነፈ፣ ያዝን መመካከር።

ከካማሬ ወደብ እስከ ሴን መተላለፊያ
ዐሥራ ሰባት ማይል ነው፤ ለወፍ የቁርስ መፈለጊያ።
ለእኛዋ ጀልባ ግን፣ ሸራዋ ለተጣጣፈባት፣
በሰዓት አራት ማይል ተኩል ነው፣ ያውም ነፋስ ሲሰምርላት።

መሬት የለመደ ሰው ጥልቁን ነው የሚፈራው፤
እኔን የሚያባንነኝ ጥልቅ ያልሆነው ነው፤
ከውኃው ሥር ያደፈጠው፣ አረንጓዴ ጨርቅ የተከናነበው፣
በሙላት ዝም ብሎ በጉድለት ጥርሱን የሚያሳየው።

ከደሴቲቱ ወዲያ፣ በምዕራብ፣ ዐይን እስከሚያይ፣
አለቶች ተበትነዋል፣ እንዳመለጠ ባቄላ ወለል ላይ።
በውጭ ልዙራቸው ብል ሌሊት ይጨመራል፤
በውስጥ ልለፍ ብል በሩ ይጠባል፣ ውኃው ይሮጣል።

ሠንጠረዡ እንዲህ ይላል፦ ለአምስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲል
ውኃው ያርፋል፤ እንደ ዳኛ ዝም ይላል፣ ፍርዱን እስኪል።
ያቺን ዝምታ ነው የማድናት። ብቀድማት ወደ ሰሜን ይመልሰኛል፤
ብዘገይባት ደቡብ ይወስደኛል፣ ዝም ብሎ ይወስደኛል፤
ነፋሱም ከደቡብ ምዕራብ ከሆነ ፊት ለፊት ይገጥማሉ፣
ሁለት ኮርማ ባንድ በር። መሐል የገባን አይጠይቁም፣ ይወጋሉ።

ብሬቫል፣ የወንድሜ ልጅ፣ ስልኩን አቀበለኝ፦ «አክስቴ፣ ተመልከች፣
መሥመሩን ራሱ ሠራው!» ሰማያዊ ክር ካለት ወዳለት ዘለለች።
«ለስልክህ ማን ነገረው» አልሁት፣ «ሞገድ ሲነሣ እንደምታስታውክ?
ሸራ መቀነስ ሦስት ሰው እንደሚፈልግ፣ እኛ ሁለት እንደሆንን?»
ሳቀ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ከዚያ ነው ያየኋት። ከአሮጊቷ ማማ በስተሰሜን
(ስሟ ነው፣ አሮጊቷ፤ ቀሚሷ አረፋ፣ ሻሿ ብርሃን)
በእርሳስ የተሠራች አንዲት መስቀል፤ አጠገቧ ቀንና ሰዓት።
አለት የለም እዚያ። ካርታው ንጹሕ ውኃ ነው የሚላት።

«እማዬ፣ እዚህ ጋ ማን ሞተ?»
ሶአዚግ እናቴ የባሕር ቀንድ አውጣ በመርፌ ትጎለጉል ነበር፤
አንዱን ዋጠች፣ ዛጎሉን ሳህን ላይ ጣለች፣ ቀና አለች።
«ማንም። እዚያ ጋ ነው የተመለሰው።
ማዕበሉን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ መሪውን አዞረ፤ ይኸው ነው።
ወደቡ በሙሉ ሳቀበት። ገበያ ድረስ ተከትለው
‹ጎኔሪ፣ ሚስትህ ናፈቀችህ?› አሉት።
መልስ አልሰጠም። ማታ እዚሁ ተቀምጦ
እርሳሱን ጫን አድርጎ… ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረው።»
ደግሞ አንድ ቀንድ አውጣ አነሣች። «እውነትም ናፍቄው ይሆናል።»

ጣቴን አሳረፍሁባት፤ ጎድጓዳዋ ዛሬም ትታወቃለች።
ያለፈባቸውን ሁሉ፣ በጨለማ፣ በጉም፣ ስንቴ አውርቶልኛል!
ይህችን አላወራልኝም።

ሬዲዮው ያዘ፦ «ደቡብ ምዕራብ፣ አራት፣ ከቀትር በፊት አምስት፤
ከምዕራብ የሚመጣ ሞገድ፣ ሁለት ሜትር።»
ብሬቫል፣ «አምስት ምን ይሆናል?» ብሎ ጀመረ፤ ፊቴን አየ፣ ተወው።
ደብተሩ ላይ ጻፍሁ፦
መነሻ፣ ንጋት አንድ ሰዓት።
አራት ሰዓት ተሩብ፣ ለአሮጊቷ ሁለት ማይል ተኩል ሲቀር፣
ከፊታችን ነጭ ከታየ፣ መመለሻ።
ካርታው ላይም፣ ካባቴ መስቀል ጥቂት ወዲህ፣ የራሴን አደረግሁ፤
ቀለል አድርጌ፣ ላጲስ እንዲያነሣት።

እናቴ እጇን ዘረጋች፦ «መነጽሬን።»
ሰጠኋት። ጥጉ ወዲያው ተጠቀለለ፣
ደሴቲቱን፣ አለቶቹን ሁሉ ይዞ።
ብሬቫል፣ ማንም ሳያዘው፣
መዳፉን ጫነበት።