የአባቴ እርሳስ

እሁድ፣ አስር ሰዓት፣ ጎህ ገና ሳይቀድ፣
ጫማውን አንጠልጥሎ፣ በጣቶቹ ሲሄድ፣
የበሩን ማጠፊያ ዘይት እየቀባ፣
እናቴ ተኝታ እንዳትሰማው አባ፤
እሷ ግን ነቅታለች። ሁሌም ነበር ነቅታ።
ዳቦና ሎሚውን አስቀምጣ ማታ፣
ዓይኗን ጨፍና ነው ምትሸኘው በዝምታ።

ቡሽራ ይባላል፤ የምድር ባቡር ሰው፤
ስድስት ቀን ሙሉ እጁን ግራሶ የሚያለብሰው፣
በሰባተኛው ቀን ሐይቅ የሚመልሰው።
ከፉርጎ በሮች ላይ የተቆረጠ ማኅተም፣
ሌላው ረግጦት ሲያልፍ፣ ወድቆ በየትም፣
እሱ እየለቀመ በጣሳ ያቀልጣል፣
በማንኪያ ያፈሳል፣ በሚስማር ይበሳል።
«ይኸው እርሳስ» ይላል፣ «ለመንጠቆ ክብደት፣
ለመስመጥ ነው እንጂ አይደል ለጽሕፈት።»
እኔ ያኔ ተማሪ፣ እርሳስ የጠፋብኝ፣
«እንኪ» ይለኝ ነበር፣ ከት ብሎ ሲስቅብኝ።

ደንገጎ ዳገቱ፣ ያ ጥምዝምዝ መንገድ፣
ፔጆዋ ስታቃስት፣ ስትቆም፣ ስትሄድ፤
አዴሌ ስንደርስ ብርዱ ፊት ሲልጥ፣
ኮቱን ለኔ ሰጥቶ፣ እሱ ሲንቀጠቀጥ፣
«ዓሣ ብርድ ይወዳል» ይላል፣ ሲያላግጥ።

በቤት ወሬ ወዳድ፣ ተረቱ የማያልቅ፤
ሐረማያ ዳር ግን ዝም ነው፣ ቡሹ እስኪጠልቅ።
ቆሮሶ ሲወጣ፣ ፊቱ ይበራል፤
አምባዛ ከሆነ፣ ጢሙን ይቆጥራል፣
«ሰሚር አጎትሽን ይመስላል» ይለኛል።

ማታ ከዚራ ስንደርስ፣ ዘንቢሉን ያራግፋል፤
ለእማማ አስካለ አንድ፣ ዓይናቸው ይደክማል፤
ለወታደሩ ሚስት ሁለት፣ ልጅ ታጠባለች፤
ጭንቅላቱ ለግሪኳ አሮጊት፣ ሾርባ ትወዳለች።
እኛ ጋ የሚደርስ ጅራትና ሽታ።
እናቴ ዘይቱና ቢላዋዋን አንስታ፣
«ቡሽራ፣ የኛስ?» ስትል፣ እጁን ይታጠባል፣
«እኔማ ሲወጣ አይቼ በልቻለሁ» ይላል።

ባዶ የዋለ ዕለት ከመረበኞች ይገዛል፤
መንጠቆ ያልወጋው አፍ ዘንቢሉ ውስጥ ይገኛል።
እናቴ አፉን ከፍታ አየችው፤
ምንም አላለችው።

ከዚያ ውሃው ሄደ።
ዘንድሮ አንድ እርምጃ፣ ለከርሞ ሃያ እርምጃ፤
እሱም ይከተላል፣ በብብቱ ሥጋጃ፣
የተቀየመ ወዳጅ እንደሚለማመጥ፣
ጭቃው ላይ ሲጠጋ፣ ውሃው ሲያመልጥ።
በመጨረሻው ቀን፣ ጀልባ ፍየል ጭና፣
ከነመቅዘፊያዋ ደርቃ፣ አፈር ሆና፣
መንጠቆውን አውጥቶ፣ ክሩን አስተካክሎ፣
ጣለው። ደረቁ ላይ። እርሳሱ ቋ! ብሎ።
የምስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቅሁም።
እሱም ቡሹን እያየ፣ ዝም።

ከዚያ ወዲህ እሁድ ቤት ይውል ጀመረ፤
ሸንበቆው ጣራ ሥር ሸረሪት አሳደረ።
ባቡሩም በዚያው ሰሞን ቆመ።
ለልጄ፣ ደቻቱ አሸዋ ላይ፣ በጣቱ ቆሮሶ ይሥላል፤
ነፋስ ጠርጎ ሲያጠፋው፣ «አመለጠን!» ይላል።

ግንቦት ላይ ሞተ፣ ሙቀቱ ቆርቆሮ ሲያነድ።
ከቀፊራ፣ ከሳቢያን፣ ከገንደ ቆሬ የመጣ ሰው፣
ለለቅሶ ተቀምጦ፣ አንዱ ለሌላው የሚያወሳው፣
በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ስንት ዓሣ እንደሰጠው።

ሐይቁ ተመለሰ አሉኝ። ዘገየ።
ሄድኩ። እውነት ነው። ዓይኔ አየ።
ሁለት ወፍ። ዳር ላይ ባጃጁን የሚያጥብ ልጅ፣ የሳሙናው አረፋ።
ቦርሳዬን ብፈትሽ፣ ያቺው የፉርጎ እርሳስ፣ በሚስማር የተበሳች፣
ልጥላት ብዬ ነበር፤ እጄ ላይ ከበደች።
የመኪና ትኬቴ ጀርባ ላይ ሳስኬዳት፣
መሥመር አወጣች። ግራጫ። ቀጭን።
አይደል ለጽሕፈት ብለኸኝ አልነበር፣ አባ?

«እዚህ ዓሣ አለ እንዴ፣ እትዬ?» አለኝ ልጁ።
መልስ ነበረኝ።
ግን ውሃው ዳር ነበርን፤
ዝም አልኩት።