በመሃላችን ሃምሳ ሰው

ባሕር የሌላት አገር፣ የባሕር ኃይል አላት፤
ቲቲካካ ሐይቅ ላይ፣ ከተራራው አናት።
እኔ የመቶ አለቃ፣ ሒሜና አራንዲያ፣
እሱ የሃምሳ አለቃ፣ ቴዎዶሲዮ ካልሳያ፤
ሞተር ሲታመም ጆሮውን ለጥፎ የሚያዳምጥ፣
በውርጭ ሌሊት ካፖርቱን ለምልምል የሚሰጥ።

አንድ ማታ መጣ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ፣
እንደ ወትሮው ሳይሆን፣ በሩ ላይ ፈዝዞ።
«ልጄ ዓመት ሞላት፤
ጸጉሯን እስከ ዛሬ መቀስ አልነካት።
በእኛ በአይማራዎች፣ የፊተኛውን ጉንጉን የቆረጠ ሰው
ከዚያች ቀን ጀምሮ አበልጅ ነው፣ ሥጋ ነው።
እርስዎ ይቁረጡላት።»

ጠረጴዛዬ ላይ የስምሪቱ ዝርዝር ተዘርግቷል፣
የሱ ስም አራተኛው መስመር ላይ ተጽፏል።
«አይሆንም» አልሁት።
ምክንያቱን ግን ዋጥሁት።
እሱ የሃምሳ አለቃ፣ እኔ የመቶ፤
በመሃላችን ሃምሳ ሰው ቆሟል፤
አንዱን እቅፍ ባደርግ አርባ ዘጠኙ ያየኛል።

ጓኪ ወደብ ሳለሁ፣ ገና ምክትል ሆኜ፣
አንድ አዛዥ ነበረን፤ አከበርሁት፣ ደግነቱን አምኜ።
ከወታደሮቹ ጋር ካርታ ይጫወታል፣
ያበልጁን ልጆች ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል፤
ማዕበል ሲነሣ ግን እርሳሱ ያዳልጠዋል፣
ያበልጁን ስም ዘሎ ሌላ ስም ላይ ያርፋል።
ሬይናልዶ የሚሉት ልጅ፣ ገና ጢም ያላወጣ፣
አበልጅ አልነበረውም፤ ሁለት ሌሊት በሰው ተራ ወጣ።
በሦስተኛው ሌሊት ጀልባው ብቻውን መጣ።
እርሳስ ነው የገደለው፤
የጥይቱን አይደለም የምለው።

ይህን ሁሉ ለቴዎዶሲዮ አልነገርሁትም።
ሰላምታ ሰጠ፣ ዞሮ ሄደ።
የሚስቱ የናይራም ፊት ከዚያ ቀን ጀምሮ በረደ፤
ገበያ ስታየኝ የዓሣ ቅርጫቷን በጨርቅ ትሸፍናለች፣
«አልቋል» ትለኛለች።

ነሐሴ ላይ ነፋስ ተነሣ፤ ዓሣ አጥማጆች ጠፉ።
ዝርዝሩን ገለጥሁት፤ ሦስት ስሞች አለፉ።
አራተኛው ላይ ስደርስ እርሳሱ ከበደኝ፤
ያ ያልተቆረጠ ጸጉር ዓይኔ ላይ መጣብኝ።
እውነቱን ልናገር፦
እጄ ወደ አምስተኛው ስም ሾልኮ፣ ትንሽ እዚያ ቆየ።
አበልጁ ሳልሆን! ደግሞስ ማን አየ?
አምስተኛውም እናት አለው።
እጄን መለስሁት።
«ካልሳያ» አልሁ።
«አቤት» አለና ወጣ።

እስኪነጋ ማማው ላይ የኮቴን ቁልፍ ስቆጥር አደርሁ፤
ስድስት ናቸው፣ ስድስቱን መቶ ጊዜ ቆጠርሁ።
ጎህ ሲቀድ መጣ፣
ሁለት ጣቱ ጠቁሮ፣ አራት ሰው ከሐይቁ አውጥቶ።
ላቅፈው ነበር። «ሪፖርትህን ጻፍ» አልሁት፣ ድምፄ ግማሹ ጠፍቶ።

አራት ዓመት አልፎ ሥልጣኔን አስረከብሁ።
ከጦር ሰፈሩ በር ውጪ፣ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ አውቶቡስ ጠበቅሁ።
የሰንበት ኮቱን ለብሶ፣ ያለ ማዕረግ መጣ።
ናይራ ከኋላው፣ በነጭ ሳህን መቀስ ይዛ፣
ልጅቱ በመሃል፤ ጸጉሯ ወገቧ ደርሶ፣ እንደ ሐይቁ ሸምበቆ የበዛ።
«ዛሬ አለቃዬ አይደሉም» አለኝ።
ሌላ ምንም አልጨመረም።

መቀሱን አነሣሁ። እጄ እንደ ምልምል እጅ ተንቀጠቀጠ።
ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝ፤
«ቶሎ በይ» አለች፣ «ከብዶኛል።»